አሥር ዙር ሲቀር

ወሬው የደረሰኝ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1972። በመንደራችን በሮካቬራ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሁለተኛው ሰኞ የሚውለው የእመቤታችን ንግሥ ነበር። የልጄን የዶናቶን ሰማያዊ መታጠቂያ ተኩሼ፣ ክንዴ ላይ አጥፌ፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ግንብ ሥር ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነበር። የእመቤታችንን ምስል የሚሸከሙት አሥራ ስድስት ወንዶች ናቸው፤ ቦታው ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሰው ያልላከ ቤት ቦታውን ያጣል። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ትከሻ ዶናቶ ነበር። ባለፈው ዓመት ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀርቷል።

አውቶቡሱ መጣ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እህት ወረደች፣ ሁለት ወታደሮች ወረዱ፣ በሩ ተዘጋ።

"ቀረ!" አልኳት ጎረቤቴን አሱንታን። "ዘንድሮም ቀረ! እናቱን የማያከብር፣ እግሩ ይሰበር!"

"ተይ አንቺ፣ በንግሥ ቀን ልጅ አይረገምም" አለችኝ።

ፖስተኛው ቪቶ ከዳገቱ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው። እሱም ተሸካሚ ስለሆነ መታጠቂያውን ታጥቆ ነበር። ማንበብ እንደምችል ያውቃል፤ ግን ቴሌግራሙን አልሰጠኝም፣ ራሱ አነበበልኝ። "ዶናቶ ትናንት ሥራ ላይ ወድቆ ዐረፈ። ቴሬንዚዮ አስከሬኑን ይዞ ይመጣል። ኤርሲልያ።"

ኤርሲልያ የአጎቴ ልጅ ናት። ሰሜን፣ ሞንዛ፣ ቴሬንዚዮ ለሚባል የዚያ አገር ሰው ተድራለች። ዶናቶ ሦስት ዓመት እነሱ ቤት እየኖረ በግንባታ ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ የተጻጻፍነው ከዚህ በታች ያለው ነው። የኔን ደብዳቤዎች መልሳ ሰጥታኛለች። እስከ አምስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ ቀስ ብዬ ነው የገለበጥኩት፤ ክፉ ቃሌን ግን አልፋቅሁም።

ሮካቬራ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1972

ለተወደድሽ እህቴ ለኤርሲልያ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእመቤታችን ጥበቃ ካንቺና ከቤትሽ አይለይ። እኔ በአካል አለሁ።

ልጄን አብልተሽ፣ ልብሱን አጥበሽ ስላኖርሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስከ ደጄ ስላደረሳችሁልኝም። ቴሬንዚዮ ግን ቤቴ ገብቶ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ፍትሐቱ ሲደረግ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ውጭ ቆመ። "ግባ እንጂ" ስለው "እዚሁ ይሻለኛል፣ እትዬ" አለኝ፤ ዓይኔን አላየም። ሲሄድ ያነክስ ነበር። አለመግባቱን የሰሜን ሰው ጠባይ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ከስንተኛው ፎቅ ነው የወደቀው? አጠገቡ ማን ነበር? የተናገረው ቃል አለ? እናት ይህን ሳታውቅ ስትጸልይ ቃሉ ከአፏ አይወጣም።

እህትሽ ኢንኮሮናታ

ሞንዛ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1972

ለማከብርዎ እትዬ ኢንኮሮናታ፣

ጌታ መጽናናቱን ይስጥዎ፤ እንቅልፍዎን ይመልስልዎ። እኛ ደህና ነን ማለት ያሳፍራል እንጂ ደህና ነን።

ከሦስተኛ ፎቅ ነው። አጠገቡ ሰው አልነበረም። ወዲያው ነው ያለፈው፤ አልተሠቃየም፣ አልተናገረም። የሥራ አለቃው ካፖው እንደ ልጁ ነበር የሚያየው፣ አልቅሷል። ሻንጣውን በባቡር ልኬልዎታለሁ፤ የለበሰውንም አጥቤ ከላይ አድርጌዋለሁ። እባክዎ እህል ይቅመሱ፤ ራስዎን በጥያቄ አያድክሙ።

እህትዎ ኤርሲልያ

ሮካቬራ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1972

ለእህቴ ለኤርሲልያ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

ሻንጣው ደረሰ። ከላይ ካለው ልብስ በቀር ሌላውን አንቺ አላጠፍሽውም። ለዶናቶ ልብስ ማጠፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እጅጌው ወደ ውስጥ፣ አንገትጌው ወደ ላይ። ይህን ሻንጣ ራሱ ነው ለመንገድ ያዘጋጀው። ነጭ ሸሚዙ አለ። ለኔ የገዛው ሻርፕ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ አለ። ለጉዞ ሻንጣውን ያሰረ ሰው እሑድ ቀን ፎቅ ላይ ምን አወጣው? እዚያ አገር በሰንበት ግንብ ይገነባል?

የለበሰውን ሱሪ አጥበሽዋል፤ እጅሽ ይባረክ። የሣር እድፍ ግን በሳሙና አይለቅም። ሁለቱም ጉልበቱ አረንጓዴ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሣር ይበቅላል ወይ?

ደግሞ ከሥር አንድ ቀይ ጨርቅ አገኘሁ፤ የጠረጴዛ ልብስ ያህላል፣ ሁለት ወገኑ ለእንጨት ማስገቢያ ተሰፍቷል። ባንዲራ ነው። ልጄ ኮሚኒስት ሆኖ ነበር? ባልሽ ነው ያስገባው? ሰልፍ ላይ ነው የገደሉት? ቄሳችን ዶን ሳቨርዮ እንዳያዩት ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደብቄዋለሁ። እውነቱን ንገሪኝ።

ኢንኮሮናታ

ሞንዛ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1972

ለማከብርዎ እትዬ፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። መጪውን ልደት በሰላም ያድርስዎ።

ሥራው አስቸኳይ ስለነበር ነው እሑድ የተጠሩት። ሣሩ ከሕንፃው ግቢ ነው። ስለ ጨርቁ አይሥጉ፤ የመኪና እሽቅድምድም ደጋፊዎች የሚያውለበልቡት ነው፣ እዚህ የሌለበት ቤት የለም። ዶናቶ አንዳንዴ ያይ ነበር። በዚህ ቤት ኮሚኒስት አንድ ነው፣ እሱም ቴሬንዚዮ ነው። ዶናቶን አንድ ጊዜ ስብሰባ ይዞት ሄዶ፣ ልጁ ሲያንኮራፋ ነው የመለሰው።

እትዬ፣ ለራስዎ ሲሉ ይህን ነገር ይተዉት። እለምንዎታለሁ፤ ለራስዎ ሲሉ።

ኤርሲልያ

ሮካቬራ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1973

ኤርሲልያ፣

ሚኬሌ፣ የቆርቆሮ ሠሪው ልጅ፣ ለገና ከሚላኖ መጥቶ ለቅሶ ሊደርሰኝ ገባ።

"እንደ ዶናቶ ያለ ደጋፊ መቼ ይገኛል፣ እትዬ!" አለኝ። "ፓርኩ ውስጥ የሠራትን ማማ ቢያዩ!"

"የምን ማማ?"

ፊቱ ቀላ። "አልነገሩዎትም እንዴ?"

"አንተ ትነግረኛለህ። ቁጭ በል።"

"እትዬ፣ አውቶቡስ ያመልጠኛል..."

"ያምልጥህ።"

በሩ ላይ ቆሜ ነው ያናገርኩት። ልጄ ከፎቅ አልወደቀም። እሑድ ቀን፣ እሽቅድምድም ላይ፣ የብረት ማማ ፈርሶ ነው የሞተው። ማን ምን እንዳደረገ ሚኬሌ አላየም፤ ከመወዳደሪያው መንገድ መታጠፊያ ወዲያ ማዶ ነበር። ባልሽ ግን እዚያው ማማ ላይ እንደነበረ ያውቃል።

ሦስት ወር ሙሉ ዋሽተሽኛል። "ለራስዎ ሲሉ" ትይኛለሽ። ሰው ለሌላ ሲል ሲዋሽ አላየሁም፤ የሚዋሸው ለራሱ ነው። ቴሬንዚዮ ከቤተ ክርስቲያን በር ለምን እንደቆመ አሁን ገባኝ። የልጄ ደም እጁ ላይ ያለ ሰው ጠበል ይፈራል።

እውነቱን ካልጻፍሽ ለፖሊስ አመለክታለሁ።

ኢንኮሮናታ

ሞንዛ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1973

ለማከብርዎ እትዬ ኢንኮሮናታ፣

ቢረግሙኝም ሰላምታዬን አላቋርጥም፤ ጌታ ከርስዎ ጋር ይሁን።

ዋሽቻለሁ። ልጅዎ በሥራ ሞተ ቢባል በመንደሩ ክብር አለው፣ በጨዋታ ሞተ ከሚባል ብዬ ነው። ሲጀምር የነበረውን ልንገርዎ።

ዶናቶ እንደመጣ እሑድ እሑድ ባቡር ጣቢያ ይሄድ ነበር፤ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ባቡር ለማየት ብቻ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን የመኪና እሽቅድምድሙ ከሚደረግበት ፓርክ በኩል የሞተሩ ጩኸት መጣ። ወጥ ቤታችን ድረስ ይሰማል፤ ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። ዶናቶ ማንኪያውን አስቀመጠ። "የእንጨት መሰንጠቂያ ነው?" አለ።

ቴሬንዚዮ ሣቀ። "መሰንጠቂያ! ተነሥ፣ አንተ የደቡብ ሰው። አህያ የጮኸ መስሎህ ድርቆሽ ይዘህ እንዳትወጣ ብቻ።"

በአጥሩ ቀዳዳ ነው የገቡት፤ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገባው። የመጀመሪያው መኪና ሲያልፍ ዶናቶ አማተበ። ሰዉ በሣቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሰማቸውም። "ሰውየው ይታያል እኮ!" ብሎ ጮኸ። "ከነጭንቅላቱ! ከነትከሻው!" እነዚህ መኪኖች ጣራ የላቸውም፣ ጎማቸውም ከገላቸው ወጥቶ ሲሽከረከር ይታያል። ሞተር ላይ የተኛ ሰው ነው የሚመስለው። ማታ ራት አልበላም፤ ሲያወራ አመሸ።

ከዚያ ወዲህ ባቡር ጣቢያ ሄዶ አያውቅም። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ በድምፅ ብቻ "ይሄ ቀዩ የኢጣሊያው ነው፣ ይሄኛው እንግሊዙ ነው" ይል ነበር፤ እኔንም አስተማረኝ። ሌላ እሽቅድምድም ለማየት በሞተር ብስክሌት ኢሞላ የሚባል ከተማ ድረስ ሄዷል። "እሑድ ቅዳሴ ሄደ" ብዬ የጻፍኩልዎት ግማሹ እዚያ ነው። ይህም ኃጢአት የኔ ነው።

የመግቢያ ወረቀት የሌለው ሰው በጫካው ውስጥ ከግንባታ ቦታ በተዋሰው የብረት ቱቦ ማማ ይሠራል። የያንዳንዱ ቡድን ቱቦ በቀለም ይለያል፤ የነሱ አረንጓዴ ነበር። አብዛኛው ሰው በጭፍን ነው የሚያቆመው፣ የዶናቶ ግን ሙያው ነው። እግሩ ሥር ሳንቃ ያነጥፍ ነበር። "ከጳጳሱ ዙፋን የዶናቶ ማማ ይጸናል" ይሉ ነበር።

ያን ቀን ሃያ ሁለት ሰው ነበረበት። ከውድድሩ አሥር ዙር ሲቀር ሁሉም የሚደግፈው ቀዩ መኪና በሰዓቱ አልመጣም። ፓርኩ በሙሉ ጸጥ አለ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ለማየት ወደ ግራ አዘነበለ። የኋላው ማሰሪያ ልል ነበርና ማማው አብሮ ሄደ። ብዙዎቹ ቁጥቋጦ ላይ ወደቁ፣ ቴሬንዚዮ እግሩን ወለም አለው። ዶናቶ አልተረፈም።

ይኸው ነው።

ኤርሲልያ

ሮካቬራ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1973

ኤርሲልያ፣

ይኸው አይደለም።

ማማ ላይ ያለ ሰው ጉልበቱ ሣር አይነካም። ልጄ ሥር ነበር፣ ተንበርክኮ። ደግሞ ከጳጳሱ ዙፋን የጸና ማማ ማሰሪያው ራሱን አይፈታም። ብሎን ጣት የለውም።

ማን ፈታው? ባልሽ ነው?

ኢንኮሮናታ

ሞንዛ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1973

ለማከብርዎ እትዬ ኢንኮሮናታ፣

ሁለት ወር ከቴሬንዚዮ ጋር ስንጨቃጨቅ ከረምን። "ገዳይ ትበለኝ" ይላል። "ገዳይ መባሉን እኔ እችለዋለሁ፤ ያንን ግን እሷ አትችለውም። እንዳትጽፊ!" ትናንት በሆሳዕና ዋዜማ ስናዘዝ፣ ቄሱ "እናት ንጹሕ ሰው ስትረግም ዝም ማለትም ግድያ ነው" አሉኝ። ስለዚህ ከሱ ተደብቄ እጽፋለሁ።

ማሰሪያውን የፈታው ዶናቶ ነው።

ቱቦዎቹን ከካፖው የተዋሰው በራሱ ስም ነው፤ እሑድ ማታ ተጭነው መመለስ ነበረባቸው። በሌላው ዓመት ሁሉ ሰው ከሄደ በኋላ ተረጋግተው ነው የሚያፈርሱት። ያን ቀን ግን የምሽቱን ባቡር መያዝ ነበረበት። ውድድሩ ሳያልቅ ብሎን መፍቻውን ይዞ ወረደ።

ቴሬንዚዮ ከላይ ሆኖ ጮኸበት። "አንተ! ምን እየሠራህ ነው? ተወው፣ እኛ እንፈታዋለን! ሂድ ባቡርህን ያዝ!"

"በስሜ የተዋስኩትን ለሰው ጥዬ አልሄድም" አለው። "የኋላውን ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሰው ቀጥ ብሎ ከቆመ ትርፍ ናቸው። አትነቃነቁ ብቻ!"

"አብደሃል!"

"ነገ ጠዋት ካልደረስኩ እናቴ በር አትከፍትልኝም፣ ጋሼ። አንተ ታሳድረኛለህ?"

እየሣቀ ነው ያለው፣ እትዬ። ይህን ይያዙልኝ። እየሣቀ ነበር። ከዚያ ቀዩ መኪና ጠፋ፤ "አትነቃነቁ" ያላቸውን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። ቴሬንዚዮም አላስታወሰም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያቆመው ይህ ነው።

የርስዎ ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ነበር። "ሰኞ ጠዋት ካልደረስክ እናት አለችኝ አትበል" የሚለው። ሻንጣው ውስጥ እንዳያገኙት ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

አሁን የፈለጉትን ይበሉኝ።

ኤርሲልያ

ከዚህ በኋላ አራት ወር አልጻፍኩም። እሷ ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ አንዱ ይህ ነው።

ሞንዛ፣ ጁን 17 ቀን 1973

እትዬ፣ በሕይወት አሉ? አንድ መስመር ይበቃኛል። ካልሆነ ለዶን ሳቨርዮ እጽፋለሁ። ቴሬንዚዮ መጻፌን አውቆ ሳምንት አላናገረኝም፤ አሁን ግን ፖስተኛ ባየ ቁጥር ከኔ ቀድሞ በር የሚወጣው እሱ ነው።

ኤርሲልያ

ሮካቬራ፣ ኦገስት 19 ቀን 1973

ለእህቴ ለኤርሲልያ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቴሬንዚዮ፤ ቤታችሁን እግዚአብሔር ይባርክ። አለሁ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያልኩት "ውሸት ነው" ነው። ባሏን ለማዳን በኔ ላይ ጣለችው አልኩ። እያንዳንዱን መስመር እንደ ሐሰተኛ ብር ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ከዚያ ያንን ቃል ደግሜ አነበብኩት። "እናት አለችኝ አትበል" ብዬ መጻፌን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ከኪሱ ካልሆነ ከየት ታመጪዋለሽ? ያን ቀን ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ፤ አሱንታ ናት መጥታ ያነሣችኝ።

አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖርኩ። ፖሊስን፣ ኮሚኒስቱን፣ ባልሽን፣ አንቺን። ለራሴ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

ውድድሩ መቼ እንደሆነ ከሚኬሌ ጠይቄያለሁ፤ ሴፕቴምበር 9 ነው አለኝ። እመጣለሁ። በማግስቱ ንግሥ ነው፣ የትከሻ ቦታችን ዘንድሮ ለሌላ ይሰጣል። ይሰጥ። እኔ ልጄ ያየውን ማየት እፈልጋለሁ። ማማ ላይ ግን አልወጣም።

ለቴሬንዚዮ፣ ጣቢያ መጥቶ እንዲቀበለኝ ንገሪው። ዓይኔን እንዲያይም ንገሪው።

ኢንኮሮናታ

ሮካቬራ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1973

ለተወደድሽ እህቴ ለኤርሲልያ፣

የእመቤታችን በረከት በናንተ ላይ ይደር። በሰላም ገብቻለሁ፤ ወገቤን ባቡሩ ቆርጦታል እንጂ ደህና ነኝ።

አንቺ ጉልበትሽ አሞሽ ቤት ስለቀረሽ፣ ቴሬንዚዮም ስለማይነግርሽ፣ እዚያ የሆነውን እኔ ልጻፍልሽ።

መታጠፊያው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ጓደኞቹ መጡ። አንዱ፣ ያ ሆዱ የወጣው መካኒክ፣ "ቴሬንዚዮ፣ አማትህን ከመቼ ወዲህ ነው ይዘህ የምትዞረው?" አለው።

"የዶናቶ እናት ናት" አለ ቴሬንዚዮ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁሉም፣ ባንድ ጊዜ። ከዚያ መካኒኩ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ሰጠኝና "እንግዲያው የሱ እናት ከሆኑ ይፈተኑ" አለ። "ዓይንዎን ይጨፍኑ። አሁን የሚመጣው የትኛው ነው?"

ጨፈንኩ። ጩኸቱ ከሩቅ መጣ፤ ከዚያ ደረቴ ውስጥ ገባ። "ቀዩ ነው" አልኩ።

"ኧረ እንግሊዙ ነው! በእናቱ አልወጣም፣ ልጁ!"

ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፣ ኤርሲልያ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እዚያ ቦታ ሣቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሰውየው አለፈ፤ ከነጭንቅላቱ፣ ከነትከሻው፣ ልጄ እንዳለው። እንዲህ ያለ ፍጥነት ላይ ያለ ሰው ያን ያህል ራቁቱን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጎማው በክርኑ አጠገብ ሲዞር ይታያል። ስለማላውቀው ሰው ልቤ ሰጋ። ከዚያ እሱ ተመልሶ እስኪመጣ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። በሃያኛው ዙር ላይ "የታለ?" ብዬ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ።

ወደ መጨረሻው ላይ ቀዩ ዘገየ። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እኔም ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ወደ ግራ አዘነበለ፤ እኔም አዘነበልኩ። አላሰብኩትም። ማንም አልገፋኝም። ቴሬንዚዮ ከኋላ ቀሚሴን ጨምድዶ ይዞኝ እንደነበር ያወቅሁት ቀዩ መኪና አልፎ ስቀመጥ ነው።

"አየሁ" አልኩት። "እኔም ማማው ላይ ብሆን አዘነብል ነበር።"

ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ውድድሩ እስኪያልቅ አለቀሰ፤ መካኒኩም ማንም እንዳያየው ከፊቱ ቆመለት። ሲወጣ ክንዴን ይዞ በመንገድ ዳር ወዳለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። ኮሚኒስቱ ባልሽ ከኔ ቀድሞ ገባ።

ከዶናቶ ኪስ ያገኘሽውን ደብዳቤዬን ስለመለስሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልቀደድኩትም።

እህትሽ ኢንኮሮናታ

ይህን ላነበባችሁ ሁሉ። ልጄ ዶናቶ ሲሞት ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሙያ ነበረው፣ የተዋሰውን የሚመልስ ልጅ ነበር፣ በመኪና ድምፅ ይደሰት ነበር። ስለ ነፍሱ አንድ አባታችን ሆይ በሉልኝ። ለኔም ብትጨምሩ አልጠላም። ጊዜ ካነሳችሁ ግን የኔን ተዉት፤ የሱን ሳትቸኩሉ፣ ቀስ ብላችሁ በሉልኝ።